የመጀመሪያው ቀን አደራ

ወላጅ ለልጁ ከሚያወርሰው ሀብት ሁሉ ሌባ የማይሰርቀው፣ እሳትም የማይበላው ትምህርት ነው ሲባል ሁላችንም እየሰማን አድገናል። ቃሉ እውነት ነው። ነገር ግን ከትምህርትም በፊት መቅደም ያለበት አንድ ነገር አለ፤ እርሱም መተማመን ነው። ሕፃን ልጅ ከእናቱ እጅ ወጥቶ ወደ መምህሩ እጅ በሚገባበት በመጀመሪያው ቀን፣ ከፊደል አስቀድሞ የሚማረው የትልልቅ ሰዎች ቃል የሚታመን መሆን አለመሆኑን ነው። ይህን ነገር እኔ ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። አንድ ጊዜ በአምስት ዓመቴ፣ ሁለተኛም ጊዜ በሽምግልናዬ፣ ሁለቱንም ጊዜ በዚሁ በልደታ ሰፈር ተማርሁት። ወጣት አንባብያን ሆይ፤ ነገሩ የሕፃን ለቅሶ ታሪክ ስለ ሆነ ትንሽ መስሎ ይታያችሁ ይሆናል፤ ነገር ግን እስከ መጨረሻው ብትታገሡኝ ከትንሹ ነገር ውስጥ ትልቅ ነገር እንዳለ ለማሳየት እሞክራለሁ።

ባለፈው መስከረም የአራት ዓመቷን የልጅ ልጄን ወደ አፀደ ሕፃናት ያደረስኋት እኔ ነበርሁ። እናቷም አባቷም በማለዳ ሥራ ገብተው ነበር። ከምንኖርበት የልደታ ኮንዶሚኒየም ደረጃውን አንድ አንድ እያልን ወረድን። ቦርሳዋ ከጀርባዋ ይበልጣል፤ የምሳ ዕቃዋን ግን ለማንም አልሰጥም ብላ በእጇ ይዛለች። በመንገድ ላይ ሦስት ጊዜ «አባባ፣ ትመጣለህ?» ብላ ጠየቀችኝ፤ እኔም ሦስት ጊዜ «እመጣለሁ» አልኋት።

ከበሩ ስንደርስ ልቅሶው ከሩቅ ይሰማ ነበር። አንዱ ሕፃን የእናቱን ቀሚስ ይዞ አልለቅም ይላል፤ አንዷ መሬት ላይ ተቀምጣ ጫማዋን ታወልቃለች። ልጃቸውን አስገብተው የወጡ እናቶችም ከአጥሩ ኋላ ቆመው በነጠላቸው ጫፍ ዐይናቸውን ይጠርጋሉ። አንዲት ደግ ሞግዚት ወደ እኔ ቀርባ በቀስታ፣ «አባባ፣ መጫወቻውን ስትይዝ እንዳታይዎት ቀስ ብለው ይውጡ፤ ካየችዎት ታለቅሳለች» አለችኝ። ምክሯ ከክፋት የመጣ አልነበረም። ለልጅቱም ለእኔም ማዘኗ ነው። እኔም እግሬን አንሥቼ ነበር። ነገር ግን አንድ የቆየ ትዝታ መጥቶ ያዘኝና ከቆምሁበት ሳልነቃነቅ ቀረሁ።

ዘመኑ 1950 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ የከተማችን አውሮፕላን ማረፊያ በዚሁ በልደታ ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ መብረር የጀመረው ከዚህ ሜዳ ተነሥቶ ነው፤ የቦሌው ማረፊያ እስኪሠራ ድረስም ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላኖች በቆርቆሮ ጣሪያችን ላይ እያጓሩ ሲያልፉ ሰምተን አድገናል። ቤቶቹ የጭቃ፣ አጥሮቹም የቁጥቋጦ ነበሩ። አንዱ ቤት ቡና ሲፈላ ጎረቤቱ ሁሉ ይጠራል፤ የአንዱም ልጅ የሁሉ ልጅ ነው፤ ሲያጠፋ ያገኘው ሁሉ ይቆጣዋል፤ ሲርበው ያገኘው ሁሉ ያጎርሰዋል።

አባቴ በዚያ ዓመት እጄን ይዞ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አጠገብ ወደሚያስተምሩ አንድ የኔታ ዘንድ ወሰደኝ። የኔታ በአጎዛ ላይ ተቀምጠዋል፤ ልጆቹ ግማሾቹ በድንጋይ፣ ግማሾቹ በመሬት ላይ ተቀምጠው፣ በካርቶን ላይ የተለጠፈውን የፊደል ገበታ በስንደዶ እየነኩ «ሀ ግዕዝ፣ ሁ ካዕብ፣ ሂ ሣልስ» እያሉ ይጮኻሉ። አባቴ ለየኔታ እጅ ነሥቶ፣ «ዐይኑን ብቻ ይተዉልኝ እንጂ ካጠፋ ይቅጡልኝ» አለ። ከዚያም ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ፣ «እዚህ ቁጭ በል፤ ዳቦ ገዝቼልህ አሁን እመጣለሁ» አለኝና ሄደ።

እኔም ዳቦውን ጠበቅሁ። ጠበቅሁ፤ አባቴ አልመጣም። ልጆቹ «ለ፣ ሉ፣ ሊ» ሲሉ እኔ በሩን አያለሁ። አውሮፕላን መጣና ሁሉም ወደ ሰማይ ሲያንጋጥጡ እኔ ብቻ በሩን አያለሁ። በመጨረሻም ነገሩ ገባኝ። አባቴ ዳቦ ሊገዛ አልሄደም። እስከዚያ ቀን ድረስ አባቴ የማይሆን ነገር ይነግረኛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበርና፣ ያለቀስሁት ብቻዬን በመቅረቴ አልነበረም፤ በመታለሌ ነበር።

የኔታ ዝም ብለው ሲያዩኝ ቆይተው በምልክት ጠሩኝ። ይመቱኛል ብዬ ነበር። እርሳቸው ግን ከአጎዛው ጫፍ አስቀመጡኝና እንዲህ አሉኝ፤ «ልጄ፣ አባትህ ዳቦ ሊገዛ አልሄደም። ሥራ ሄዷል። አሁን አይመጣም። ያ ጽድ ይታይሃል? ጥላው ረዝሞ ከዚያ ነጭ ድንጋይ ላይ ሲደርስ ይመጣል። እስከዚያ ድረስ ከእኔ ጋር ነህ።» ይህን ብለው ስንደዶ ሰጡኝ።

ቃላቸው መራራ ነበር፤ አባቴ ዋሽቶኛል ማለት ነውና። ነገር ግን እውነት ስለ ነበረ ልቤ የሚያርፍበት ነገር አገኘ። አንድ ፊደል እነካለሁ፤ ጥላውን አያለሁ፤ እንደገና አንድ ፊደል እነካለሁ። ጥላው እንደ ቀንድ አውጣ እየተጎተተ ከነጩ ድንጋይ ሲደርስ አባቴ በበሩ ገባ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የኔታ የነገሩኝን ሁሉ አመንሁ።

እስቲ «ሀ»ን አስቡት። ይህ ቅርጽ «ሀ» ተብሎ እንደሚነበብ ለአንድ ሕፃን በምን ማስረጃ ማሳየት ይቻላል? እሳት እንደሚያቃጥል ነክቶ ይረዳል፤ ስኳር እንደሚጣፍጥ ቀምሶ ያውቃል። ፊደል ግን እንዲህ አይደለም። የግዕዙ ሃያ ስድስት ፊደላት በሰባት ቤት ተዘርዝረው 182፣ የአማርኛው ሠላሳ ሦስት ፊደላትም እንዲሁ 231 ይሆናሉ፤ ሕፃኑ እነዚህን ሁሉ የሚቀበለው መምህሩ ስላለው ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ አቡጊዳውም፣ መልእክተ ዮሐንሱም፣ ተደግሶ የሚመረቅበት የዳዊቱ 150 መዝሙርም የሚቆሙት በዚህ በመጀመሪያው መተማመን ላይ ነው። የመምህሩ ቃል ካልታመነ የመምህሩ ፊደልም አይታመንም። ስለዚህ የኔታ በዚያ ቀን ስለ ጥላው እውነቱን ሲነግሩኝ ፊደልን ማስተማር ጀምረው ነበር ማለት ነው።

ይህ ነገር በአንድ ልጅና በአንድ መምህር መካከል ብቻ የሚሆን እንዳይመስላችሁ። የአገራችን የትምህርት ታሪክ ራሱ የአደራ ታሪክ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ለመክፈት ባሰቡ ጊዜ ትልቁ ችግር የገንዘብ ወይም የሕንፃ ብቻ አልነበረም። የአውሮፓ ትምህርት ሃይማኖትን ያናጋል የሚል ስጋት በካህናቱ ዘንድ ስለ ነበረ፣ ሊቀ ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስም ስለ ተቃወሙ፣ «ልጃችንን ለማን እንስጥ?» የሚለው ጥያቄ መልስ ማግኘት ነበረበት። መልሱም በእምነት ከእኛ ጋር አንድ የሆኑ ቅብጣውያን መምህራን ከግብፅ እንዲመጡ ማድረግ ሆነ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1908 የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በእነዚህ መምህራን ሥራውን ጀመረ፤ የበላያቸውም ሐና ሳሊብ የተባሉ ግብፃዊ ነበሩ። ንጉሠ ነገሥቱ ከስድስት ዓመት በላይ የሆነ ልጅ፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ ወደ ትምህርት ቤት እንዲላክ ማወጃቸው ይታወቃል። ነገር ግን ዐዋጅ ልጅን እስከ በሩ ያደርሰው ይሆናል እንጂ የእናቱን ልብ አያሳርፍም። የእናትን ልብ የሚያሳርፈው ልጁን የሚረከበው ሰው ማንነት ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ የአንድ ሕፃን ዕጣ ነው። በሚያዝያ ወር 1860 ዓ.ም. መቅደላ በእንግሊዝ ጦር ስትወድቅና ዐፄ ቴዎድሮስ ሲሞቱ፣ በዚያ ሁሉ ሁካታ መካከል የሦስት ዓመት ተኩል ገደማ የሆነ አንድ ልጅ ከወላጆቹ ተለይቶ ተገኘ። አንድ እንግሊዛዊ መኮንን ወስዶ በሕንድ አገር አሳደገው። ያ መኮንን ሲሞት ሌላ መኮንን የትምህርቱን ወጪ ቻለ። ልጁም በእነዚህ ሰዎች ስም ቻርልስ ማርቲን ተብሎ በላሆር ሕክምና ተማረና ሐኪም ሆነ። የኢትዮጵያ ጦር በአድዋ ድል ማድረጉን ከሰማ በኋላ ግን የተወለደበትን አገር ለማየት መጣ። በሰውነቱ ላይ በነበረው ጠባሳ ቤተ ዘመዶቹ ለዩት፤ ወርቅነህ የሚለውን ስሙንም መልሶ አገኘ። እኒህ ሰው በታሪካችን ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ የምንላቸው ናቸው።

የልጅ ልጄን ዕድሜ አስቡና ይህን ታሪክ መልሳችሁ አንብቡት። ሐኪም ወርቅነህ ያን ጊዜ ከእርሷ ጥቂት ወራት ያንሱ ነበር። እርሷ የተለየችው ለግማሽ ቀን ነው፤ እርሳቸው የተለዩት ለሠላሳ ዓመት ነው። እንዲህ ያለ ልጅ ዓለምን ሁሉ ቢጠላ ማን ይፈርድበታል? እርሳቸው ግን ከእጃቸው የተነጠቀውን ለሌሎች ልጆች መስጠትን መረጡ። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን በ1917 ዓ.ም. በስማቸው ትምህርት ቤት ሲያቋቁሙ የበላይ ኀላፊነቱን የያዙት ሐኪም ወርቅነህ ነበሩ። ከእናቱ ጉያ በጦርነት የተነጠቀው ሕፃን፣ እናቶች ልጆቻቸውን በፈቃዳቸው የሚሰጡት ሰው ለመሆን በቃ። እኔ ከአገራችን ታሪክ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ የአደራ ትምህርት አላገኘሁም።

ከዚያም በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1931 የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ለሴቶች ልጆች ተከፈተ። ነገር ግን ኢጣልያ በ1928 ዓ.ም. አገራችንን ስትይዝ ትምህርት ቤቶቹ ወይ ተዘጉ ወይ ለሌላ አገልግሎት ዋሉ፤ ከተማሩትም ወጣቶች ብዙዎቹ ተገደሉ። ብዙ ዘመን የተለፋበት አደራ በአምስት ዓመት ፈረሰ። ከ1933 ዓ.ም. በኋላ ትምህርት ቤቶቹ እንደገና ሲከፈቱ ሥራው ጡብ መደርደር ብቻ ሳይሆን የወላጆችን ልብ መልሶ ማግኘት ጭምር ነበር።

እስካሁን የተናገርሁት ከፍ ስላሉት ልጆች ነው። የትንንሾቹስ ትምህርት ቤት ከየት መጣ? ፍሬድሪክ ፍሮበል የተባለ ጀርመናዊ መምህር ነበር። ዓመት ሳይሞላው እናቱ ስለ ሞተችበት ያለ እናት ፍቅር ማደግ ምን እንደ ሆነ ያውቅ ነበር። በ1837 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ባድ ብላንከንቡርግ በምትባል ትንሽ ከተማ ለሕፃናት የሚሆን ቤት ከፈተ፤ ከሦስት ዓመት በኋላም የልጆች አትክልት ቦታ የሚል ትርጉም ያለው ስም አወጣለት። ሕፃናቱ በኳስና በእንጨት ኩብ ይጫወታሉ፤ ይዘምራሉ፤ አበባ ይተክላሉ። አሳቡም ሕፃን እንደ ተክል ነው፤ ውኃና ፀሐይ ካገኘ በራሱ ጊዜ ያድጋል፤ ጎትተው ቢያስረዝሙት ግን ይነቀላል የሚል ነበር። የፕሩሲያ መንግሥት ይህን ሥራ ጠርጥሮ በ1851 ከለከለው፤ ፍሮበልም ክልከላው ሳይነሣ በዓመቱ ሞተ። ክልከላው የተነሣው በ1860 ነው። አሳቡ ግን ከከልካዮቹ ይልቅ ዕድሜ አገኘ። እኛም ስሙን ወደ ቋንቋችን ስናመጣው «አፀደ ሕፃናት» አልነው፤ አፀድ በግዕዝ የአትክልት ቦታ ማለት ነውና።

ሌላዋ ማሪያ ሞንቴሶሪ የተባለች ኢጣልያዊት ሐኪም ናት። በ1907 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሮማ ከተማ በሳን ሎሬንዞ ሰፈር በአንድ የሠራተኞች መኖሪያ ሕንፃ ውስጥ የልጆች ቤት ከፈተች። ምክንያቱም ወላጆቹ ሥራ ሲውሉ ልጆቹ ጠባቂ አጥተው በደረጃውና በግድግዳው ላይ ጉዳት ያደርሱ ነበር። ይህን ባነበብሁ ጊዜ የራሴን ሰፈር አየሁበት። በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ የልደታ አሮጌ ቤቶች ፈርሰው በቦታው ፎቆቹ ሲቆሙ፣ የብዙ ዘመን ጎረቤት እዚህም እዚያም ተበተነ። ቤቱ ንጹሕ ሆነ፤ ውኃና መብራትም ገባ፤ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ያንን የሁሉ ልጅ ሲያጎርስ የነበረውን ግቢ ማንም በፎቁ ላይ ሊሠራው አልቻለም። በሩ ተዘግቶ የሚውል ሕፃን ጎረቤቱን አያውቅም። ስለዚህ ዛሬ አፀደ ሕፃናት ለቅንጦት የተፈለገ ነገር አይደለም፤ የጠፋውን ግቢ ሥራ እየሠራ ነው።

መንግሥታትም በየዘመናቸው ይህን ሳይገነዘቡት አልቀሩም። ከ1967 ዓ.ም. በኋላ ቀበሌዎች ሲቋቋሙ በየሰፈሩ አፀደ ሕፃናት ይከፍቱ ነበር። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ያሉ ሕፃናትን የሚመለከት ክፍል ነበረው። ቆይቶም በመንግሥት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ «ኦ ክፍል» የሚባለው ስለ ተከፈተ፣ ለግል ትምህርት ቤት መክፈል የማይችል ቤተ ሰብ ልጅም በር ተከፈተለት። ከሁሉም በላይ ደግሞ ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የሕፃናት መብቶችን ዓለም አቀፍ ስምምነት ተቀበለች፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት በአካላቸው ላይ ከሚፈጸም ቅጣት ነጻ መሆናቸውን ደነገገ። አባቴ «ዐይኑን ብቻ ይተዉልኝ» ያለበት ዘመን በሕግ ተዘጋ። ዱላው በሕግ ቀርቷል፤ ማታለል ግን በሕግ አይከለከልም። እርሱን የሚከለክለው የእያንዳንዳችን ኅሊና ብቻ ነው።

እንግዲህ ከበሩ ላይ ወደ ተውኋት ልጅ ልመለስ። ሞግዚቲቱን አመስግኜ፣ «ልጄ፣ ታልቅስ፤ ግን ታየኛለች» አልኋት። ከዚያም በጉልበቴ ተንበርክኬ የልጅ ልጄን ትከሻ ያዝሁ። ግቢው ውስጥ የሰንደቅ ዓላማ መስቀያ ብረት ቆሟል፤ ጥላውም በጠዋቱ ፀሐይ ረጅም ሆኖ ተጋድሟል። «ያ ጥላ ይታይሻል? እያጠረ እያጠረ ይሄዳል። ከብረቱ ሥር ሲገባ እኔ በዚህ በር እገባለሁ። አሁን እሄዳለሁ» አልኋት። አለቀሰች። በጣም አለቀሰች። ሞግዚቲቱ አቅፋ ስታስገባት ጩኸቷ ከመንገዱ ማዶ ይሰማኝ ነበር። አንድም ጊዜ ዞር ብዬ መመለስ ቃጣኝ። እውነት መናገር ልቅሶን ያስቀራል ብዬ አላታልላችሁም፤ አያስቀርም።

ከዚያ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ለአንድ ጉዳይ ሄድሁ። ወረፋው ረጅም ነበር። ሦስት ሰዓት ተኩል፣ አራት ሰዓት፣ አምስት ሰዓት ሆነ። አምስት ሰዓት ተኩል ሊሆን ሲል ከፊቴ ሁለት ሰዎች ብቻ ቀሩ። ከወረፋው ብወጣ ጉዳዬ ለሌላ ቀን ያድራል፤ ከመሥሪያ ቤቱ እስከ አፀደ ሕፃናቱ ደግሞ በሽማግሌ እርምጃ ሩብ ሰዓት ይሆናል። ልቤ እንዲህ አለኝ፦ «የአራት ዓመት ልጅ ሰዓት አታውቅ፤ ሩብ ሰዓት ብትዘገይ ምን ታውቃለች? አስተማሪዎቹም አሉ።» ይህ አሳብ በጣም ደስ የሚል አሳብ ነበር፤ ምክንያቱም እኔን ያስቀምጠኛል። ያን ጊዜ ግን አባቴ ትዝ አለኝ። አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም። እርሱም «የአምስት ዓመት ልጅ ምን ያውቃል?» ብሎ ነበር። ከወረፋው ወጣሁ። ከኋላዬ የነበረው ሰው፣ «አባቴ፣ ተራዎት እኮ ደረሰ!» አለኝ። «የምቀድመው ጥላ አለ» ብዬው ወጣሁ፤ ሳያብድ አይቀርም ብሎኝ ይሆናል።

እየሮጥሁ አልልም፤ ግን ከብዙ ዓመት ወዲህ እንዲያ ፈጥኜ አልሄድሁም። ከበሩ ስደርስ መስከረም ነውና ፀሐይ አናት ላይ ነበረች። ልጆቹ በየጥላው ሥር ሆነው ይጫወታሉ። የልጅ ልጄ ግን ከብረቱ አጠገብ ቆማ መሬት መሬቱን ታያለች። ዐይኗ አብጧል፤ የምሳ ዕቃዋን አሁንም ይዛዋለች። ቀና ብላ አየችኝ። ሮጣ አልመጣችም፤ አላለቀሰችም። በጣቷ ወደ መሬት እያሳየችኝ፣ «አባባ፣ ጥላው ገባ» አለችኝ።

አስተማሪዋ ነግራኝ እንደ ተረዳሁት፣ ልጅቱ ጠዋቱን ሁሉ በየጥቂቱ እየወጣች ጥላውን ታይና ትመለስ ነበር። ከተመለሰችም በኋላ ከልጆቹ ጋር ዘምራለች፤ ወረቀት ላይም ቀለም ቀብታለች። በማግሥቱም አለቀሰች፤ በሦስተኛውም ቀን ጥቂት አለቀሰች። በሳምንቱ ግን ከበሩ ስንደርስ እጄን የለቀቀችው እርሷ ናት። ከወራት በኋላ «ሀ»ን በጣቷ እያሳየች ስታነብልኝ፣ ማን እንደ ነገራት ጠየቅኋት። «ቲቸር ናት» አለችኝ። «እውነት ይመስልሻል?» ብላት በጣም ተገርማ አየችኝና፣ «ቲቸር እኮ ናት!» አለችኝ። እኔም የዛሬ ስድሳ ምናምን ዓመት የኔታን እንዲሁ አምኛቸው እንደ ነበረ አሰብሁ።

ወጣቶች ሆይ፤ ከእናንተ ብዙዎቹ ታናሽ ወንድም ወይም ታናሽ እኅት አላችሁ፤ እጃቸውን ይዛችሁ ወደ ትምህርት ቤት የምታደርሱበት ጠዋትም ይመጣል። ነገም መምህርና ወላጅ ትሆናላችሁ። በዚያን ጊዜ «ሕፃን ምን ያውቃል?» የሚለውን ቃል ከአፋችሁ አርቁት። ሕፃን ሰዓት አያውቅም፤ ቁጥር አያውቅም፤ ፊደልም አያውቅም። የተሰጠውን ቃል ግን ያውቃል፤ መፈጸሙንም ቆሞ ይጠብቃል። ልታደርጉት የማትችሉትን አትንገሩት፤ የነገራችሁትን ግን፣ ከወረፋው መካከል ወጥታችሁም ቢሆን፣ ፈጽሙት። ትምህርት ቤት በድንጋይና በሲሚንቶ ይሠራል፤ ሕፃኑ የሚገባበት በር ግን «እመለሳለሁ» ብሎ የሚመለስ ሰው ነው።

እኔ ያቋረጥሁትን ጉዳይ ለመፈጸም ሌላ ሙሉ ቀን ተሰልፌአለሁ። ያንን ቀን እንደ ጠፋ አልቈጥረውም።